የሚፈራ ሰው በቁማር ሲበላ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉት የጎጃም ከተሞች ሁሉም የሚያውቀው ዓይነት ሰው አለ። አራጣ ያበድራል፣ በሌሊት የሚጫን ዕቃ ያንቀሳቅሳል፤ ጎረምሶች ይከተሉታል፣ ካፌ ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። እንዲህ ያለው ሰው በቁማር ሲበላ ሰፈሩ በሹክሹክታ «የእጁን አገኘ» ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ተራው ቁማርተኛ አበዳሪ ሲያጣ ይቆማል፤ የሚፈራውን ሰው ግን እምቢ የሚለው የለም። ስለዚህ የእጁን የሚያገኘው እሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ነው።

ሁሉንም የሚያበላሸው «የተበላሁትን ልመልስ» የሚለው ሐሳብ ነው። በ1.90 ኦድ፣ ማለትም ካሸነፈ ያስያዘው አንድ ብር 1.90 ሆኖ በሚመለስበት ውርርድ፣ 500 ብር አስይዞ ተበላ እንበል። 1,000 አስያዘ፣ ተበላ፤ 2,000፣ ከዚያም 4,000፣ ሁሉም ሄዱ። አምስተኛው ላይ 8,000 አስይዞ ቢያሸንፍ ትርፉ 7,200 ነው፤ የተበላው ግን 7,500። አሸንፎም 300 ብር ጎድሎበታል ማለት ነው። ሰባተኛው ላይ ከደረሰ 32,000 አስይዞ ቢሳካለት እንኳ 2,700 ይከስራል። እያጠፈ የሚሄድ ሰው ይህን አይደምርም፤ የሚያየው የመጨረሻዋን ትኬት ብቻ ነው። ስምንት ጨዋታ በአንድ ትኬት የሚቆርጠውማ የባሰበት ነው። አወራራጁ ቤት ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 በመቶ ቢቀንስበት፣ ስምንቱ ተባዝተው ካስያዘው ከእያንዳንዱ ብር በአማካይ የሚመለስለት 66 ሳንቲም ገደማ ነው።

ቁማር ቤት ማንቀሳቀስም ከዚህ አያድንም። የኒው ዮርኩ አርኖልድ ሮትስታይን የውርርድ ንግድ ጌታ ነበር። ለቀናት በቆየ የካርታ ጨዋታ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ተበልቶ፣ «ጨዋታው የተጭበረበረ ነው» ብሎ አልከፍልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1928 በጥይት ተመትቶ ሞተ።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ወደ ጥይት ከመድረሱ በፊት በእቁብ ያልፋል። ሃያ አባል በሳምንት 5,000 ብር ሲጥል እጣው 100,000 ነው። ሰውየው «ጋሼ፣ ለእኔ አስቀድሙልኝ» ይልና በሦስተኛው ሳምንት ይወስዳል፤ ገና የሚጥለው 85,000 ብር ይቀረዋል። ሁለት ሳምንት ጥሎ ይጠፋል። የእቁቡ ዳኛ ሊጠይቀው ይፈራል፣ ጸሐፊው «ነገ ያመጣል» እያለ መዝገቡን ይሸፍናል፣ መጨረሻ ላይ የሚያዘው ዋሱ ነው። ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አደጉ ነው። የሃያ ዓመት ጓደኝነት እዚህ ላይ ይበጠሳል። የሚበጥሰው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ዋሱ ከፍሎም ማማረር አለመቻሉ ነው።

ቀጥሎ ተራው የሚስቱ ወገኖች ነው። ገጠር ያለው አማች ማሳውን በወለድ አገድ ያሲዝለታል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ አበዳሪው ያርሰዋል፣ የአማች ልጆች ጤፍ ከገበያ ይሸምታሉ። ሌላው ያልደረሰ ባሕር ዛፉን በርካሽ ያስቆርጣል። ሚስት ይህን ሁሉ የምትሰማው ከጎረቤት ነው።

ሽማግሌዎቻችን እዚህ ላይ የሚሠሩትን ስሕተት መናገር አለብኝ። ይሰበሰባሉ፣ ይቅርታ ያስጠይቃሉ፣ ዘመድ አዋጥቶ ዕዳውን እንዲዘጋ ያደርጋሉ። ብሩ በእጁ ሲሰጠው ግን የተሰጠው አዲስ የቁማር መያዣ ነው። መዋጮው በእሱ እጅ ማለፍ የለበትም። መጀመሪያ ያበደሩት ሁሉ በአንድ ቀን፣ ሚስቱ ባለችበት ተጠርተው ያስጽፉ፤ ያን ቀን ያልተጻፈ ዕዳ መዋጮ አይነካም። እቁቡ ይቅደም፤ ገንዘቡ የብዙ ሰው ነውና። የአራጣ ዕዳ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያውም ዋናው ብቻ ከሕጋዊው ወለድ ጋር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ በዓመት 120 ይጠይቃል። ሌላውን በአራጣ ያስጨነቀ ሰው በአራጣ ሲጨነቅ ማየት ለአንዳንዱ ደስ ይለው ይሆናል፤ የሚከፍሉት ግን ልጆቹ ናቸው።

ዋስ የሆነ ሰውም ወረቀቱን ደግሞ ያንብብ። ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ፣ የዋሱ ኃላፊነት እስከ ስንት ብር እንደሆነም ካልተጠቀሰ በሕግ አይጸናም። «እኔ አለሁ» ብሎ በአፉ የቆመ ጓደኛ ፍርድ ቤት ቢሄድ ነጻ ይወጣል። ሰፈሩ ግን ነጻ አያወጣውም፤ ለዚህ ነው ብዙው ዝም ብሎ በሬውን የሚሸጠው። ሽማግሌዎቹ ከሰውየው ጋር ከመቀመጣቸው በፊት ዋሱን ለብቻው ጠርተው ስንት ብር ከኪሱ እንደወጣ ይጠይቁት። ዋሱ በሰውየው ፊት አይናገርም።