ምጣዱን ተዉትና ሽቦውን አሳዩን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ ቤት ቃጠሎና ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ የተጠየቁ ባለሙያ ጥፋቱን ሁሉ በአሮጌ ምጣድና ግንዛቤ ጎድሏቸዋል በተባሉ እናቶች ላይ ሲደፈድፉት ሰማሁ። መፍትሔያቸውም አጭር ነበር፤ አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ። አወያዩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ለመሆኑ አሮጌ ምጣድ ማለት ምን ማለት ነው? ሸክላው ሲሰነጠቅ ይለወጣል፤ ሬዚስታንሱ ሲቃጠል ይቀየራል። የእናቴ ምጣድ በዕድሜ ይበልጠኛል ቢባልም ከዙሪያው ቆርቆሮ በቀር የድሮ ነገር የለበትም። አሮጌውም አዲሱም ከሦስት ኪሎዋት ተኩል እስከ አራት ኪሎዋት ይበላሉ፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት ግን የሚችለው 16 አምፔር ነው። ሶኬቱ ቢጠቁርና ቢሸት ታዲያ ጥፋቱ የምጣዱ ነው ወይስ ለምጣድ ብሎ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ያልዘረጋው ሰው?

«ምጣዱ ይነዝራል» የሚለው አነጋገራችን ደግሞ «ላሟ ትራገጣለች» እንደማለት ሆኗል። የተፈጥሮ ጠባይ ይመስል! እናቴ እንጀራ ስትጋግር ጣውላ ላይ ትቆማለች፤ የላስቲክ ጫማ ታጠልቃለች፤ አክንባሎውን በደረቅ ጨርቅ ታነሣለች። እጇን ሊጥ ከነካው ሳታደርቅ ወደ ቆርቆሮው አትጠጋም። ግንዛቤ የላትም የተባለችው እንግዲህ ይህች ናት። መሐንዲሱ የዘነጋውን መከላከያ ከእግሯ ሥር አንጥፋ ነው ሠላሳ ዓመት የጋገረችው።

የዘነጋው ነገር የመሬት ሽቦ ይባላል፤ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው። ኃይል ያለው ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ሲነካ፣ የመሬት ሽቦ ካለ ያመለጠው ኃይል በእርሱ በኩል ይወርዳል፣ መከላከያውም ይቆርጠዋል። ከሌለ ግን ቆርቆሮው 220 ቮልት ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል። ብሬከር፣ ማለትም ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ፣ አለን እንዳትሉኝ። የ16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ እናንተ እንዳትሞቱ አይደለም። ለሰው ተብሎ የተሠራው መከላከያ በ30 ሚሊአምፔር ነው የሚቆርጠው፤ ብሬከሩ ከዚያ ከአምስት መቶ እጥፍ በላይ እስኪያልፍበት ድረስ ዝም ይላል። ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የቤቱ እርጅና ነው ለሚሉም መልስ አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ የገባበትን አዲስ አፓርታማ የወጥ ቤት ሶኬት ፈትቼ አይቼዋለሁ። ግራና ቀኝ የመሬት ሽቦ የሚነካካባቸው ብረቶች አሉት፤ ከበስተጀርባቸው ግን ምንም አልታሰረም። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ፣ ግድግዳው ውስጥ ተወሽቋል። እንግዲህ ይህንንም እናቴ አጣጥፋው ይሆናል!

ደንብ የለም እንዳይባል፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ በፈረንጆቹ 1995 ወጥቷል፤ የሕንፃ አዋጁም ቁጥር 624/2001 ተብሎ ከታወጀ ቆይቷል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ሽቦ ገልጦ የሚያይ ግን አላጋጠመኝም። ቆጣሪውን የሚያነብ ሞልቷል። ቤት ሲቃጠል «በኤሌክትሪክ ኮንታክት» ተብሎ ዜናው ይዘጋል። ይህ ኮንታክት የሚሉት ወንጀለኛ ስንት ቤት አፍርሶ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም።

ፊውዝ ሲቃጠል የመዳብ ክር ጠምዝዞ የሚያስገባ የለም ወይ? አለ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም በምሽት፣ እንጀራው ግማሽ ላይ ቆሞብን። ይህችን ጥፋት ለባለሙያው ልስጣቸው፤ ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።

በመጨረሻ ለእናቴ ስል በተከራየነው ግቢ ጥግ የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ አስቀበርኩ፤ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠውንም መከላከያ በራሴ ወጪ አስገጠምኩ። ምጣዱ ያው የድሮው ነው፤ መንዘሩን ግን ትቷል። አከራያችን ግቢውን ለምን ቆፈራችሁ ብለው ተቆጡ፤ በማግሥቱ ደግሞ ቤቱ ተሻሽሏል ብለው ኪራይ ጨመሩብን።