ማስተካከያ፦ አልበርት የኤድሞን ልጅ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ለቱሉ ዲምቱ የንባብ ጓደኞቼ ስለ «ሞንቴ ክሪስቶ» ልብ ወለድ ስጽፍ፣ አልበርት የዋናው ገጸ ባሕርይ የኤድሞን ልጅ እንደሆነና በመጨረሻም ኤድሞንና የቀድሞ እጮኛው መርሴዴስ አብረው እንደሚኖሩ ገልጬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፊልም ታሪክ ነው።

የልብ ወለዱን የመጨረሻ ምዕራፎች እንደገና አነበብኩ። አሌክሳንደር ዱማ ከ1844 እስከ 1846 በጋዜጣ በተከታታይ ባወጣው ታሪክ አልበርት የፈርናንድ፣ ማለትም ኤድሞንን አሳስሮ መርሴዴስን ያገባው ሰው፣ ልጅ ነው። ኤድሞን በመርከብ የሚሄደውም ከባርነት ካወጣት ወጣት ከሃይዴ ጋር ነው። ፊልሙ ውስጥ ሃይዴ ጭራሽ የለችም! መርሴዴስ ከኤድሞንና ከአልበርት ፍልሚያ በፊት ኤድሞንን የለመነችው ለጠላቱ ልጅ ሕይወት ነው፤ ምሕረቱን ከባድ ያደረገውም ይሄው ነው።

ስለዚህ ለእሁድ ያቀረብኩት «አባት በልጁ ይጨክናል?» የሚለው የመወያያ ጥያቄ ቀርቷል። ፊልሙን ግን አሁንም እወደዋለሁ።