ከውጤቱ ጎን ትምህርት ቤቱም ይጻፍ

ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካዎቹ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ወይም ወደ እንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች በባሕር ዳርም አሉ። መምህር መሆኔን ሲያውቁ የሚያስቀድሙት ጥያቄ «ስንት ቢያመጣ ይገባል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከእኛው ሥርዓት የመጣ ነው፤ በእኛ ዘንድ የመቁረጫ ነጥብ ይወጣል፣ ነጥቡን ያመጣ ይገባል፣ ያላመጣ ይቀራል። ሃርቫርድ ግን ከመቶ አመልካቾች የሚቀበለው አራት ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ከሚመልሳቸው መካከል በካርዳቸው ላይ አንድም ደካማ ውጤት የሌለባቸው ብዙ ሺህ ወጣቶች ይገኛሉ።

ይህ ሲባል ውጤት ዋጋ አጥቷል ማለት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ግዴታነት አንስቶ የነበረው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈተናውን መልሶታል፤ ሃርቫርድም በ2024 ተከትሎታል። ኦክስፎርድ የክበብ ሊቀ መንበርነት እምብዛም አይገደውም፤ አመልካቹ በመረጠው የትምህርት ዘርፍ እንዴት እንደሚያስብ በቃለ መጠይቅ ይፈትናል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ድርሰት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ከክፍል ውጭ የተሠራ ሥራ ይጨምራሉ።

እኔ ቀረብ ብዬ የማውቀው የድጋፍ ደብዳቤውን ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ለመምህሩ የሚልከው ቅጽ፣ ተማሪው በጽሑፍ ችሎታው፣ በክፍል ውይይት፣ በራስ ተነሳሽነትና ውድቀት ሲገጥመው በሚያሳየው ጽናት ከእኩዮቹ አንጻር የት ላይ እንደሚገኝ በሠንጠረዥ ያስሞላል። የመጨረሻው ደረጃ «በማስተማር ዘመኔ ካገኘኋቸው ጥቂት ምርጦች አንዱ» እንደ ማለት ነው። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ እየያዘ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ይህን በምን አውቆ ይሞላል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚላከው በጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የቆየው፣ ስም ብቻ የሚቀየርበት ደብዳቤ ነው፤ «ስሙ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ በትምህርቱ ታታሪ፣ በጠባዩ ምስጉን መሆኑን እየገለጽን...»። ማህተሙ ደማቅ ነው። ማዶ ያለው አንባቢ የሚፈልገው ግን ልጁ በአንድ የፊዚክስ ስሌት ላይ ከመምህሩ ጋር ተከራክሮ በማግስቱ የራሱን ስህተት አግኝቶ የተመለሰበትን ዓይነት ታሪክ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አሉን፤ የሚጽፍላቸው ግን የለም።

እነዚህ «ሌሎች መመዘኛዎች» ፍትሐዊ ናቸው የሚለውንም በጥርጣሬ ነው የማየው። የሃርቫርድና የብራውን ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በገቢያቸው ከአሜሪካ ቤተሰቦች ቀዳሚ አንድ በመቶ ውስጥ ያሉ ወላጆች ልጆች፣ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ይልቅ ወደ ስመ ጥሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች የሚሰጠው ቅድሚያ፣ ለስፖርተኞች የሚያዘው ቦታና ከትምህርት ውጭ ላሉ ተግባራት የሚሰጠው ነጥብ ይገኙበታል። ድርሰት የሚያቃና አማካሪ በገንዘብ ይገኛል፤ የበጎ ፈቃድ የምስክር ወረቀትም እንዲሁ።

ነገሩ ወደ እኛም እየመጣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ ባሕር ዳርን የመሰሉ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ማንን እንደሚቀበሉ ራሳቸው ይወስናሉ። ከወዲሁ ማየት ያለባቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናን ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አለማሳለፋቸው ነው። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ በኖረበት፣ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ሳቢያ ትምህርት በተቋረጠበት የአቸፈር ገጠር ተምሮ 55 በመቶ ያመጣ ልጅና በተመረጡ ተማሪዎች ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት 70 በመቶ ያመጣ ልጅ በአንድ ሠልፍ ሲቆሙ፣ ቁጥሩ ብቻውን ማን የበለጠ እንደሮጠ አይናገርም።

ፈተናው ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። የተፈታኙን አባት ስምና ዘመድ የማያይ መመዘኛ ባለፉት ዓመታት ያገኘነው እርሱን ብቻ ነው። ቃለ መጠይቅና ድርሰት ለአንድ ቢሮ ቢተዉ፣ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ እንደሚሆኑ ባሕር ዳር ላይ ማንንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን ነጥብ ሲያይ የዚያው ትምህርት ቤት ተፈታኞች አማካይ ውጤት ከጎኑ ተጽፎ እንዲያይ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ እጅግ ርቆ የወጣውም በዚያው ልክ እንዲመዘን ነው፤ መረጃው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት እጅ ያለ ነው። ሁለተኛው ድርሰቱን ይመለከታል። ተፈታኞቹ ግቢ ውስጥ ባሉበት በዚያው ሰሞን፣ በሚመርጡት ቋንቋ፣ ከክፍል ውጭ በራሳቸው ጥረት ያወቁትን ወይም የሠሩትን አንድ ነገር አንድ ገጽ ይጻፉ። የጀልባ ሞተር የፈታታውም፣ የእናቷን የጠላ ንግድ ሒሳብ የያዘችውም የሚጽፉት አያጡም። ወረቀቱ በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም፤ የሚነበበውም የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ብቻ ስለሆነ ክምሩ አያስፈራም። አዳራሹም ፈታኙም እዚያው ስላሉ፣ ተጨማሪው ወጪ የአንድ ሰዓት ጊዜና ለአራሚ መምህራን የሚከፈል የክረምት አበል ነው።