ስትከፍል ሰው፣ ስትቀበል ሕፃን

«ልብስ ለመቀየር ከተቸገርሽ አልጋ ያዢ» ተባልኩ። አልጋ! እኔና ልጄ ሚጡ! በገዛ ከተማችን፣ ከቤታችን በባጃጅ አንድ ዳገት ወጥተን፣ ዳይፐር ለመቀየር የሆቴል አልጋ ልንይዝ! ይህን የምጽፈው ልጅቷ በመከራ ስለተኛች ነው። ከነቃች አቋርጣለሁ፤ የጎደለውን ስድብ እናንተ ሙሉበት።

ልንዋኝ የሄድንበት ሆቴል የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ጎንደር ውስጥ ውሃ ያለበት መዋኛ ስንት አለና ነው? ዝነኛው መዋኛችን፣ በፋሲለደስ ስም የሚጠራው፣ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ጥር 11 ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ ይዘልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ደረቁ ገንዳና የዛፉ ሥር ነው ፎቶ የሚነሳው። ግን አንድ ነገር ልበል፦ ያን ያሠሩት ሰዎች ውሃው መሀል ፎቅ ቤት አቁመዋል፣ መሻገሪያ ድልድይም ሠርተውለታል። በፋሲል ግቢ ውስጥም ነገሥታቱ በእንፋሎት ይታጠቡበት የነበረ ቤት ፍርስራሽ አለ። ውሃ ገብቶ የሚወጣ ሰው መጠለያና መልበሻ እንደሚያስፈልገው ጎንደር የዛሬ 300 ዓመት ታውቅ ነበር ማለት ነው። በየትኛው ዘመነ መንግሥት እንደተረሳ የታሪክ ሰዎች ይፈልጉልኝ።

«ሕፃን ይዞ ዋና ምን ይሉታል?» ለምትሉኝ፣ እናቴን ጨምሮ፦ የአባቷ ዘመዶች ጎርጎራ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ጣና ዳር ነው የምንውለው። የአያቷ ደጃፍ ውሃ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ መዳህ ጀምራለች። በዘጠኝ ወሯ ዋና ትማራለች ብዬ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ የሚማር የለም፣ ከመስጠምም አያድናትም፤ ውሃ ባለበት ሁሉ ከእጄ አትወጣም። ፊቷ ላይ ውሃ ሲረጭ እንዳትደነግጥ፣ እኔም ከእሷ ጋር ውሃ ውስጥ መቆም እንድለምድ ነው። እኔስ ብሆን የት ተምሬ? ወንድሞቻችን ወንዝ ወርደው ሲንቦጫረቁ እኛ እዚያው ወንዝ ዳር የእነሱን ልብስ እናጥብ ነበር።

የውሃ ዳይፐር ፍለጋዬ ራሱን የቻለ ብሶት ነው። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ያለውን ሱቅ አዳርሻለሁ። አንዱ ባለሱቅ «እህቴ፣ ሰው የሚፈልገው ውሃ የማያፈሰውን ነው» ብሎ ሳቀብኝ፤ ጎረቤቱንም ጠርቶ አሳቀው። ተራው ዳይፐር ሥራው መምጠጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ዱቄት መሳይ ነገር ፈሳሽ ሲያገኝ ያብጣል። ሽንት ይሁን ገንዳ አይለይም፤ ያገኘውን ይጠጣል። ጠጥቶ ጠጥቶ ልጅቷን ወደ ታች ይጎትታታል፣ ሲብስም ተቀዶ ዝልግልጉን ገንዳው ውስጥ ይበትነዋል። የውሃው ዳይፐር ግን አይመጥም፤ ጠንካራውን ብቻ ነው የሚይዘው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። እግዜር ይስጣት፤ እስካሁን የረዳችኝ እሷ ብቻ ናት።

በር ላይ ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ «ሁለት ሰው» አለ።

«አንድ ነኝ።»

«ሕፃኗስ?»

«እሷማ ሕፃን ናት።»

«ውሃ ውስጥ ትገባለች አትገባም?»

«ትገባለች።»

«እንግዲያውስ ዋናተኛ ናት፣ እህቴ» ብሎ ሁለት ቆረጠ። ዋናተኛ! ገና ቆማ የማታውቅ ዋናተኛ! ለነገሩ ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ። ከፈልኩ።

መልበሻ ቤት ስደርስ ፎጣ የሚያድሉት ሴትዮ፣ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁለቱንም ትኬት ተቀብለው አንድ ፎጣ ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ሁለት ነን።»

«ሌላዋ የታለች?»

ሚጡን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ሳቀችላቸው። የዋህ ናት፣ ሰው አታውቅም።

«ለሕፃን ፎጣ የለም።»

«ሙሉ ተከፍሎላታል እኮ።»

«ልጄ፣ ፎጣው ለሰው ነው።»

በቃ! ከበሩ እስከ መልበሻ ቤቱ ባለች መንገድ ልጄ ከዋናተኝነት ብቻ ሳይሆን ከሰውነትም ተሻረች። ሲቀበሏት ሰው፣ ሲሰጧት ሕፃን።

አሁን መልበሻ ቤቱን ልንገራችሁ። አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱም ርጥብ። ግድግዳው ላይ ጥቂት ምስማር። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ተወትፏል። ወለሉ ደግሞ ሳሎን ላይ የሚነጠፈው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ያንሸራትታል። ማን እንደመረጠው ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ሕፃን አስታቅፌ ባዶ እግሩን አስሄደው ነበር። ልጅ የሚጋደምበት ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ደረቅ ጥግ፣ ምንም የለም።

እዚህ አገር ብቻዋን የሆነች እናት ሥራ የምትሠራው አዝላ ነው። እናቶቻችን በአንቀልባ አዝለው ጠላ ጠምቀዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ ገበያ ደርሰው ተመልሰዋል። ነገር ግን ልብስሽን ስታወልቂ ልጁን በምን ታዝያለሽ? ራቁት ጀርባ ላይ የሚያዝል አንቀልባ ገና አልተሠራም። ሚጡን በግራ እጄ ታቅፌ በቀኜ ቀሚሴን አወለቅኩ፤ እሱስ ደህና። የዋና ልብስ ግን በአንድ እጅ አይለበስም። እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። ጉልበት ላይ ሲደርስ ይጠቀለልና ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ ይላል። ሚጡ በዚህ መሀል የጆሮ ጌጤን አግኝታዋለች፤ ትጎትታለች። ሌላ መንገድ ሳጣ ነጠላዬን አራት አጥፌ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፣ እሷን አጋደምኩ፣ እንዳትገለበጥ በእግሬ ደገፍኳት።

በሩ ተበረገደ። ማንኳኳት የለ፣ «ሰው አለ?» የለ። እትዬ ናቸው። ከኋላቸው ንፋሱም የዘበኛውም ዓይን ተከትሏቸው ገባ።

«ኧረ ልጅ መሬት ላይ አይጣልም!»

«ማስቀመጫ አጥቼ ነው፣ እትዬ። እባክዎ በሩን ይዝጉልኝ።»

«መሬቱ እኮ ንጹሕ አይደለም።»

መሬቱ ንጹሕ አይደለም! መወልወያውን ተደግፈው ቆመው ነው የሚነግሩኝ! ሌላ ሰው መጥቶ እንዲወለውለው አቤቱታ እያቀረቡልኝ ይመስላል።

«እሺ፣ እስክለብስ ይያዙልኝ» አልኳቸው።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ብትወድቅብኝስ? ሠራተኛ ይዘሽ አትመጪም ነበር?»

«ሠራተኛ የለኝም።»

«እናትሽስ?»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

«ባልሽስ?»

«ለሥራ መተማ ነው።»

«ታዲያ ብቻሽን ምን አመጣሽ?»

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ምርመራ ሲካሄድ የዋና ልብሴ ጉልበቴ ላይ ነው። ያችን አንዲት የሰው ፎጣ ከፊቴ ይዤ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ በሌላው ልጅ ጠብቄ ስለ ቤተሰቤ ቃል እየሰጠሁ ነው። ያቺ አልጋዋ የመጣችው ያን ጊዜ ነው፦

«ልብስ ለመቀየር ከተቸገርሽ እንግዳ መቀበያ ሄደሽ አልጋ ያዢ። እሷን አስተኝተሽ ቀስ ብለሽ ትለብሻለሽ።»

ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የሚመክሩኝ! ዘበኛው ደግሞ ከውጭ «እውነታቸውን ነው፣ ለቀን ከሆነ ቅናሽ አለው» ብሎ አጸደቀው። እኔ ምን አልኩ? «እሺ፣ አመሰግናለሁ።» አመሰግናለሁ! አሁን ቤቴ ተቀምጬ ስንት መልስ እንደመጣልኝ ብታዩ። «አልጋውስ ለሰው ነው ወይስ ለዋናተኛ?» ይባል ነበር። «አልጋ ከያዝኩ የልጄ ፎጣ ይወጣልኛል?» ይባል ነበር። ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚያ ላይ ግማሽ ራቁትሽን ሆነሽ ክርክር አይረታም።

ተረጋጋሁ ስል የባንኩ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ተራዬ ሊደርስ ሲል ሚጡ ቆሸሸች። ዘበኛውን «የት ልቀይርላት?» ብለው በአገጩ አስፋልቱን አሳየኝ። ቀይሬ ስመለስ «ቁጥርሽ አልፏል፣ ሌላ ውሰጂ»። ሰልፍ ላይ ካሉት ሁሉ አንድም ሰው «እሷ ትቅደም» አላለም፤ ሁሉም ግን ለሚጡ በምላሱ እያጨበጨበ ይጫወታል።

አባቷስ? አንድ ቀን ታቅፏት ፒያሳ ወርዶ ነበር። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ መረቀው። «አባት እንዲህ ነው!» ቡናም ጋበዙት። እኔ ዘጠኝ ወር አርግዤ፣ ዘጠኝ ወር አዝዬ፣ አንድ ስኒ ቡና የሚያስጋብዝ ሥራ አልሠራሁም። እኔን መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው «ኮፍያዋ ተንሸራቷል» ሊለኝ ነው።

ወደ ገንዳው ልመለስ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ለሕፃን 32 ዲግሪ ያህል ይመከራል፤ ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ገንዳውን የሚያሞቅልን ደግሞ ፀሐይ ብቻ ናት። እኩለ ቀን የሄድኩት ለዚህ ነው። የሕፃን ገላ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከንፈሯን እያየሁ ጥቂት ደቂቃ ብቻ አቆየኋት። ውሃውን በመዳፏ እየመታች ስትስቅ... እሱን አሁን አልጽፈውም፤ ንዴቴን ያበላሽብኛል።

ገንዳው ዳር ቡና ይዘው የተቀመጡት ወይዛዝርት ግን ዝም አላሉም። «ምች ይመታታል።» «እርግብግቢቷ ሳይደፈን?» «ሆዷን ብርድ ይገባዋል፣ ኋላ እንዳታለቅሺ።» ወይዛዝርት ሆይ፣ ይህች ልጅ እኮ በ80 ቀኗ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ራቁቷን ውሃ ውስጥ ተነክራ ክርስትና ተነስታለች! እልል ያላችሁት እናንተው ናችሁ! ያን ጊዜ ምች የት ሄዶ ነበር? አንዷ ደግሞ አፍንጫዋን ይዛ «ትሸናበታለች እኮ» አለች። ያ ዓይን የሚያቃጥለው የመዋኛ ሽታ ክሎሪኑ ከሰው ላብና ሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ ልጄ ሳትገባም ከበሩ ጀምሮ ተቀብሎናል። ገላቸውን ሳይለቃለቁ ከኳስ ሜዳ በቀጥታ እየሮጡ ለሚዘሉት ጎረምሶች አፍንጫዋን አልያዘችም።

መውጣቱ ከመግባቱ ይብሳል። ርጥብ ሕፃን ከእጅ ያመልጣል፣ ርጥብ ወለል ከእግር ያመልጣል። እሷን ላድርቅ ስል ከፀጉሬ እላይዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ራሴን ላድርቅ ስል እሷ ትንቀጠቀጣለች። ፎጣዋን ያገኘችው እሷ ናት፤ የሰው ፎጣ ለብሳ ወጣች። እኔ በነጠላዬ ነው የደረቅኩት፣ ያ ንጹሕ ያልሆነው መሬት ላይ በነበረው ነጠላ። ክሎሪኑን ላለቃልቃት ቧንቧ ስከፍት አየር ብቻ። «ፈረቃ ነው» አሉኝ እትዬ። ያን የሚያህል ገንዳ አጠገብ ቆሜ የሕፃን ገላ ማለቃለቂያ አንድ ጣሳ ውሃ አጣሁ። በእርግጥ ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ከተማዋን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ፣ የመገጭ ግድብ ያልቃል ሲባል ስንቶቻችን አርጅተናል። ቤት ስደርስ ከጀሪካን ቀድቼ፣ በማንቆርቆሪያ አሙቄ አጠብኳት።

ስንወጣ እትዬ ሚጡን ጉንጯን ስመው «እደጊ፣ እናትሽን አታስቸግሪያት» ብለው መረቁ። እሷ ናት ያስቸገረችኝ? ባለባጃጁም ፀጉሬን አይቶ «ወንበሬን ታረጥቢብኛለሽ፣ ኮንትራት ከሆነ ግቢ» አለ። ገባሁ። ከፈልኩ። ዛሬ ያላስከፈለኝ የለም።

አንድ ጣውላ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ ቢመታ ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መቀርቀሪያማ ከዚያም ያንሳል። የሠርግ አዳራሹን መጋረጃ በየጊዜው የሚቀያይር ሆቴል ይህን አጥቶ ነው? ይነግሩኝ ይሆናል፦ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ማን ይምጣ?

ነቃች መሰለኝ። ምክር ያላችሁ እዚህ ሥር እንዳትጽፉ፣ በማርያም፤ ምች፣ ብርድ፣ ሞግዚት፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሥራ የሌላት ሴት ካለች ግን ትደውልልኝ፤ ሚጡን ይዛ መቆም ብቻ ነው ሥራዋ። የመግቢያዋን እኔ እከፍላለሁ። ፎጣ ይዛ ትምጣ።