ባለ አሥራ ስምንት ሥራው ፒንሳ

አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ከቻርጀርና ከእጅ ባትሪ ጋር ደርድረው ከሚሸጧቸው ዕቃዎች አንዱ ተጣጣፊው መሣሪያ ነው። ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል። ከእጀታው ውስጥ ደግሞ ቢላ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ካቻቪቴና የቆርቆሮ መክፈቻ ይወጣል። ሻጩ አንድ በአንድ እየከፈተ አሥራ ስምንት ድረስ ሲቆጥር የሰማ ሰው ለቤት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገኛል ቢል አይፈረድበትም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ለቤቱ ጌታ ጥሩውን ዓይነት በስጦታ ያመጣል (በሻንጣው ውስጥ አስጭኖ፤ ቢላ ስላለው በእጅ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት አይቻልም)። ስጦታ ከሆነ ምስጋና ይገባዋል። ለቤት ጥገና ብሎ በራስ ገንዘብ መግዛት ግን አያዋጣም ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ የሚበላሸው ነገር ብዙ ዓይነት አይደለም። ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ የበር ማጠፊያ ይላላል፣ የመጋረጃ መስቀያ ከብሎኬቱ ይነቀላል፣ የምጣድ ሶኬት ይቃጠላል። እነዚህን ለመጠገን የሚያስፈልገው የመሣሪያ ብዛት ሳይሆን የያዙት አንዱ መሣሪያ ሥራውን በደንብ መሥራቱ ነው።

ከምጣዱ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ሶኬቱ ውስጥ ሽቦውን የያዘችው ትንሽ ቪቴ ከላላች ያ ቦታ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይቀልጣል። ቪቴዋን ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ጉድጓድ ውስጥ ስላለች ቀጭንና ረጅም ካቻቪቴ ትፈልጋለች። የተጣጣፊው መሣሪያ ካቻቪቴ አጭር ከመሆኑም በላይ ከእጀታው ጫፍ በአንድ ጎን በኩል ነው የሚወጣው፤ ሲያዞሩት እጀታው ግድግዳውን ይመታል፣ ጫፉም ከቪቴዋ ይንሸራተታል። ከዚህ የሚከፋው ግን እጀታው ራሱ ራቁት ብረት መሆኑ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተሠራ ፒንሳና ካቻቪቴ እጀታው በወፍራም ማገጃ የተሸፈነ ሲሆን 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይታተምበታል። ብረት እጀታ ላይ ፕላስተር መጠቅለል ይህን አይተካም። ጥሩ መሣሪያ ቢኖርም እንኳ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያም መብራቱ በእርግጥ መጥፋቱን በቴስተር ማየት ይቀድማል፤ ተጣጣፊው ውስጥ ደግሞ ቴስተር የለም።

ቧንቧ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ፒንሳ ለመያዝና ለመጠምዘዝ እንጂ ዳዶ ለመፍታት አልተሠራም። ጠንከር ብሎ የተጠበቀ ዳዶ ላይ ሲያሳርፉት ማዕዘኖቹን ይልጣቸዋል። ከተላጠ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍም አይዘውም፤ የአንዲት ጎሚኒ ቅያሪ የነበረው ሥራ ቧንቧውን በሙሉ ወደ መቀየር ይሄዳል። የተጠራው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው የተላጠውን ዳዶ ነው፣ ሒሳቡንም ከዚያ ይጀምራል።

ይህን ስል ለብዙ ነገር የሚያገለግል መሣሪያ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሥራ እየሠራ መጠኑን የሚቀያይር መሣሪያ አለ፣ ሥራውን ራሱን የሚቀያይር መሣሪያ ደግሞ አለ። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠራው ስዊድናዊው ዮሃን ፔተር ዮሃንሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ብዙም አልተለወጠም። ሙሉ የቁልፍ ስብስብ ለማይገዛ ቤተሰብ ይህ አንዱ ይበቃል፤ አፉን ዳዶው ላይ እስኪገጥም ማጥበብ፣ ሲያዞሩም ኃይሉ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። ጫፉ የሚቀያየር ካቻቪቴም እንዲሁ ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ እጀታው እጅ የሚሞላ ከሆነ ይገዛ። ባለ መስቀሉ ጫፍ ቁጥር 2 የሆነው አብዛኛውን የቤት ቪቴ ይፈታል።

ተጣጣፊው ፒንሳ የመጣው ከመንገድ ነው። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር፣ ኪሱ ውስጥ ከነበረው ሰንጢ ጋር ፒንሳ ቢኖር ብሎ ሲመኝ ነበር። ለገበያ ያቀረበው በ1983 ነው። የጅቡቲን መስመር ለሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ወይም ገጠር ለገጠር ለሚዞር ባለሙያ ዛሬም ድንቅ ዕቃ ነው፤ ሌላ አማራጭ በሌለበት ቦታ ግማሽ የሚሠራም ይመሰገናል። ቤት ውስጥ ግን መሳቢያ አለ። አራትና አምስት መሣሪያ በጫማ ካርቶን ይገባል፣ ተከራይም ቢሆን ይዞት ይሄዳል።

ዋጋ ይወደዳል የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ጨምሯል። ሁሉንም ባንድ ቀን መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ቴስተርና ካቻቪቴ ይቅደሙ፣ ቁልፉ ይከተል፣ ከዚያ ፒንሳና መዶሻ። ትራፓኖ ከጎረቤት መዋስ ይቻላል፤ በዓመት ስንቴ ግድግዳ ይበሳል? ለመዶሻና ለቁልፍ ምናለሽ ተራ ወርዶ አሮጌውን መፈለግም አያሳፍርም። ሲገዙ የፒንሳውን አፍ ዘግቶ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቀጭን ሽቦ አይዝም። የቁልፉንም መንጋጋ በጣት ወዝወዝ ማድረግ፤ ከልክ በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዳዶ ይልጣልና ለሻጩ መመለስ።