ለባቲ ገበያም ይታሰብ

ስለ ከባድ ሙቀት ማስጠንቀቂያ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው። የህንዷ አህመዳባድ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከደረሰባት ከባድ ሙቀት በኋላ በ2013 ያወጣችው ሰውን ከሙቀት የመከላከያ እቅድ እኛንም ይመለከታል። ወሎ ሲባል ብዙ ሰው የደሴን ብርድና ጋቢ ነው የሚያስበው። ቆቦ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ያውቃል፤ ሰውም ግመልም ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተኛች አራስማ ምን ትሁን?

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ጸሐፊው ማስጠንቀቂያውን ሁሉ በሞባይል መልእክት ሊጨርሰው ይፈልጋል። ቆላ ቀበሌ ውስጥ ኔትወርኩ ራሱ ሲገኝ አይደል! ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ እነሱ ይሠልጥኑ። ሰው ሲቃዥና ሲግል «ወባ ነው» ተብሎ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። የወባ ምርመራው አይቅር። በሙቀት የተመታ ሰው ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጥላ ሥር አስገብቶ፣ ልብሱን አቅልሎ፣ በውሃ እያረጠቡ ማራገብና ቶሎ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው።

ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት የስኳር ሕሙማን መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑስ? መብራት ከጠፋ ፍሪጁ ምን ይሠራል? ለቆላ ጤና ጣቢያዎች ሶላር ይቅደም ባይ ነኝ።