ማርሲያኖና ፉሪ በአንድ ሚዛን?
የከባድ ሚዛን ቦክሰኞቹን ሮኪ ማርሲያኖንና ታይሰን ፉሪን ያወዳደረው ጽሑፍ ማርሲያኖን ያስበለጠው 49 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ስለጨረሰ ብቻ ነው። እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ቡና ላይ የሚሰማውም ክርክር ይኸው ነው። ሚዛኑስ? ማርሲያኖ እ.ኤ.አ. በ1952 የወቅቱን ሻምፒዮን ዎልኮትን ሲገጥም 184 ፓውንድ፣ ማለትም 83 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፤ ዛሬ እስከ 200 ፓውንድ ድረስ ክሩዘር (ከከባድ ሚዛን በታች ያለ ምድብ) ነው። የዙሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ያኔ 15 ዙር ነበር፤ ዎልኮት በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየመራ በ13ኛው ተዘረረ። እንደ ዛሬው 12 ዙር ቢሆን ቀበቶው አይወሰድበትም ነበር (ማርሲያኖም ቀድሞ ይቸኩል ነበር በሉኝ፣ እሺ)። ፉሪ 2 ሜትር ከ6 ነው፤ አገጩ ጋ ለመድረስ ተጠግቶ መግባት ግድ ነው። ሲገቡበት ደግሞ አቅፎ ክብደቱን አንገት ላይ ይጭናል፣ ያኔ እግር ይዝላል። አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ዋይልደርን እ.ኤ.አ. በ2020 ያደከመው አንዱ ነገር ይኼ ነው።